የተደበደበችን ሚስት «ሰብር አድርጊ» ብሎ መመለስ ይብቃን



ረመዷን ሲገባ ጥያቄ ይበዛብናል። ዓመቱን ሙሉ ከጁምዓ በስተቀር መስጂድ የማይታየው ሁሉ ለተራዊሕ ይመጣል፤ ሲመጣም ጥያቄውን ይዞ ነው። መርፌ መወጋት ጾም ያስፈታል ወይ? ያለፈው ዓመት ቀዷ ያለባት እናት ምን ታድርግ? የዘካተል ፊጥር መጠኑ ስንት ነው? እዚህ ሲሪንቃ፣ ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ እነዚህን ጥያቄዎች በየዓመቱ እንመልሳለን። መልሳቸውን ከልጅነታችን ጀምሮ የቀራነው ስለሆነ አይከብደንም። ከሴቶቹ በኩል ግን የማይቀር አንድ ጥያቄ አለ። «ባሏ የተቆጣባት ሴት ጾሟ ይያዝላታል ወይ?» የሚል ነው። ለብዙ ዓመታት መልሳችን አጭር ነበር። «ጾሟ ልክ ነው፣ አብሽሪ» ብለን እንሸኛት ነበር። ለምን እንደጠየቀች ጠይቀን አናውቅም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ ወር አንዲት እናት ያንኑ ጥያቄ ጠይቃን፣ መልሱን ሰምታ፣ ሳትሄድ ቆመች። ሻርፗን እስከ ጉንጯ ስባዋለች። መግሪብ ሲደርስ ሾርባው አልተሰናዳም ተብላ መመታቷን የነገረችን ከብዙ ዝምታ በኋላ ነበር። እኛም የምናውቀውን አደረግን። በዚያው ምሽት ከተራዊሕ በኋላ ሁለት ሽማግሌ ይዘን ባሏን አስጠራን፤ ሁለቱን ፊት ለፊት አስቀምጠን «እስቲ ያልሽንን ድገሚው» አልናት። እያፈረች ደገመችው። ባልየው አንገቱን ደፍቶ «ሸይጣን አሳስቶኝ ነው» አለ። ዱዓ ተደረገ፣ ቡናው በረካው ድረስ ተጠጣ። እሷንም «ሰብር አድርጊ፣ ወሩ የሰብር ወር ነው» ብለን መረቅናት። ትዳር አቆምን ብለን ደስ ብሎን ገባን።

ከዒድ በኋላ ወሬውን የሰማነው ከጎረቤት ነው። እጇ ተሰብሮ ሐኪም ቤት ገብታለች። ባልየው ሲመታት «ገመናዬን በኢማም ፊት ያወጣሽው አንቺ ነሽ» ይላት ነበር አሉ። ምስጢሯን በእሱ ፊት እንድትናገር ያደረግናት ግን እኛ ነበርን።

ይህን የምንጽፈው ራሳችንን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። በየመስጂዱ፣ በየሽምግልናው፣ በየእናት ቤቱ ዛሬም እንደዚያ የሚደረግ ስለሆነ ነው። የምንለውም አንድ ነገር ነው። ተደብድባ ለምክር የመጣች ሴት በመጀመሪያ ከእኛ የምትፈልገው እርቅ አይደለም። ብቻዋን እንድንሰማት፣ እንድናምናት፣ የዛሬዋን ሌሊት በሰላም የምታድርበትን መንገድ አብረናት እንድንፈልግ ነው። እርቁ፣ ፍቺው፣ ፍርዱ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው፤ የምትወስነውም እሷ ነች።

ነገሩ የአንድ ቤት ነገር ቢሆን ኖሮ ጋዜጣ ላይ ባልወጣ። በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2016) በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ያገቡ ወይም አግብተው የፈቱ ሴቶች መካከል 34 በመቶ የሚሆኑት በባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስነ ልቡናዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። በዚያው ጥናት ከሴቶቹ 63 በመቶው ባል ሚስቱን የሚመታበት በቂ ምክንያት አለ ብለዋል። ወጥ ማሳረር፣ መከራከር፣ ሳያስፈቅዱ መውጣት ከምክንያቶቹ ናቸው። እንዲህ ያሉት ወንዶች 28 በመቶ ነበሩ። ሴቶቹ ከወንዶቹ ይልቅ ዱላውን እንደ ሐቅ ተቀብለውታል ማለት ነው። ይህን ያስተማራቸው ማን ነው ብለን ብንጠይቅ ጣታችን ወደ ራሳችን መመለሱ አይቀርም። ከዚያም ይልቅ የሚያሳዝነው፣ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች 66 በመቶው ለማንም ሳይናገሩ፣ ከማንም እርዳታ ሳይጠይቁ መቅረታቸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው የብዙ አገሮች ጥናትም፣ ከእኛው አገር ቡታጅራ ላይ ከተጠየቁት ሴቶች 71 በመቶው በዘመናቸው ከባል ወይም ከወዳጅ ዱላ ወይም የወሲብ ጥቃት ቀምሰዋል። ከተጠኑት ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። ቡታጅራ አዛን የሚሰማበት፣ ሙስሊሙ የሚበዛበት አገር መሆኑን መደበቅ አያስፈልግም።

እንግዲህ አፏን የከፈተችው ሴት ከሦስቱ አንዷ ናት። ያ አፍ በእኛ ምክንያት ዳግመኛ ቢዘጋ አላህ ዘንድ የምንጠየቅበት ነው።

በቁርኣን ውስጥ በአንዲት ከሳሽ ሴት የተሰየመ ሱራ እንዳለ ስንቱ ያስተውላል? 58ኛው ሱራ፣ አል ሙጃደላህ፣ በባሏ ላይ አቤት ባለች ሴት ጉዳይ የወረደ ነው። ኸውላ ቢንት ሠዕለባ (ረ.ዐ.) ትባላለች። ባሏ አውስ ኢብኑ ሷሚት በቁጣ እንደ እናቱ ጀርባ እርም አድርጓት ነበር። ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጥታ ተከራከረች። በዚያች ጠባብ ቤት ጥግ የነበረችው እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ከንግግሯ ከፊሉ ለእሷ እንኳ እንዳልተሰማት፣ አላህ ግን ከሰማያት በላይ ሁሉንም እንደሰማ ትመሰክራለች። ይህን ዘገባ በወጣትነታችን ስንቀራው የአላህን ሰሚነት ብቻ ነበር ያየንበት። ዛሬ ግን ሌላም እናይበታለን። ሴትየዋ ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር የምትናገረው፤ የሚሰማት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ባሏ ተጠርቶ ፊቷ እስኪቀመጥ ድረስ አልተባለችም። ደግሞም በዚያ ሱራ ለዚያ ክፉ ቃል የተደነገገውን ካሣ እንይ። ባሪያ ነፃ ማውጣት፣ ያልቻለ ሁለት ወር አከታትሎ መጾም፣ ያልቻለ ስድሳ ምስኪን ማብላት። በሚስት ላይ ለተወረወረ ቃል ሁለት ረመዷን የሚያህል ጾም!

ሐቢባ ቢንት ሰህልንም እናስታውስ። በአቡ ዳውድ ዘገባ ባሏ ሣቢት ኢብኑ ቀይስ መትቷት አካሏን ሰብሯት ነበር። ጎህ ሳይገልጥ መጥታ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በር ላይ ቆመች። እሳቸው ማን እንደሆነች፣ ምን እንደሆነች ጠየቋት። ከሣቢት ጋር እንደማትኖር ተናገረች። ተመለሺ፣ ቻዪው አላሏትም። ሣቢትን አስጠርተው መህሯን ወስዶ እንዲለያት አደረጉ፤ እሷም ከቤተሰቧ ዘንድ ተቀመጠች። ሣቢት ተራ ሰው አልነበረም፤ የአንሷሮች ተናጋሪ፣ ጀነት የተመሰከረለት ሰው ነው። የሰውየው ደግነት የሴትየዋን ስብራት አላስካደም። እኛ ግን ስንት ጊዜ ነው «እሱ እኮ ሶፍ የማያመልጠው ሰው ነው፣ እንዴት ይመታል?» ያልነው!

ብዙ ሴቶች ወደ ነቢዩ ቤተሰብ እየመጡ ባሎቻቸውን በከሰሱ ጊዜም፣ እሳቸው እነዚያ ወንዶች ከመካከላችሁ ምርጦቹ አይደሉም ማለታቸው ተዘግቧል። ሴቶቹን ወሬ አውጥታችኋል ብለው አልወቀሱም። ፋጢማ ቢንት ቀይስ ስለ ሁለት ጠያቂዎቿ ምክር በጠየቀቻቸው ጊዜ፣ አንደኛው ዱላውን ከጫንቃው የማያወርድ መሆኑን በግልጽ ነግረዋታል። ስለዚህ የተበደለችዋ በደሏን ለሚረዳት መናገሯ ሐሜት አይደለም። በኒሳእ ሱራም አላህ የክፉን ነገር ጩኸት እንደማይወድ ከተነገረ በኋላ የተበደለ ሰው ለብቻው ተለይቶ ወጥቷል። ልጁን ሊድር የተነሳ አባት ስለ ሙሽራው ሲጠይቀን እውነቱን መንገርም አማና ነው። ጎረቤት የሚያውቀውን ዱለኛ «ደኅና ልጅ ነው» ብለን ኒካሕ ያሰርንበት ቀን አለ፤ አላህ ይማረን።

ይህን ስናነሣ ከወንዶቹ አንዱ የኒሳእን 34ኛ አንቀጽ ይጠቅስልናል፤ ሁልጊዜም የሚጠቅሰው አለ። አንቀጹን አንሸሽም። ነገር ግን ያ አንቀጽ የወረደው ሴት እንዳሻቸው ይመቱ ለነበሩ ሰዎች ነው፤ ቁጣን ደረጃ በደረጃ የሚያስር እንጂ የሚፈታ አይደለም። ዑለማው ፊት እንዳይነካ፣ እንዳያሳምም፣ ምልክት እንዳይተው ብለው ከበቡት፤ መተዉም የተሻለ ነው አሉ። ከታቢዒዮች ትልቁ የመካ ሙፍቲ ዐጣእ ኢብኑ አቢ ረባሕ ጭራሽ አይመታም ብለዋል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ደግሞ ሴትንም ሆነ አገልጋይን በእጃቸው መትተው እንደማያውቁ ዓኢሻ መስክራለች። አንቀጹን ከእሳቸው በላይ የተረዳ አለ? ጥርስ አውልቆ፣ ክንድ ሰብሮ፣ አንገት አንቆ መጥቶ ቁርኣን የሚጠቅስ ሰው አንቀጹ ከሚለው ውጭ ነው ያለው።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። አንዲት እህት መጥታ ብትነግረን ምን እናድርግ? ኢማምም እንሁን፣ አክስትም፣ ዱበርቲም፣ ጎረቤትም፣ መንገዱ አንድ ነው።

ብቻዋን እንስማት። ባሏ ባለበት፣ አማቷ ባለችበት፣ ልጅ ጆሮ ጥሎ በሚሰማበት ቦታ አይሆንም። ለወንድ ኢማም ደግሞ ኸልዋ አይፈቀድምና የታመነች ዱበርቲ ወይም ሚስታችን ትቀመጥ፤ ያውም እህቲቱ ከፈቀደች። «ምን አድርገሽው ነው?» የሚል ጥያቄ ከአፋችን አይውጣ። ይህ ጥያቄ ዱላው ዋጋ እንዳለው የሚያስቆጥር ነው። «ይህ የደረሰብሽ ዙልም ነው፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» ማለት ግን ብዙ ይሠራል። አንዳንዷ ይህን ቃል በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሰማው ከእኛ ሊሆን ይችላል።

ቀጥለን አደጋው ምን ያህል እንደሆነ እንጠይቃት፤ እዚህ ላይ ማፈር አያስፈልግም። አንቋት ያውቃል? በቤቱ መሣሪያ አለ? እገድልሻለሁ ብሏታል? ነፍሰ ጡር ናት? ዱላው ከዕለት ወደ ዕለት እየባሰ ነው? ለመለየት እንደምታስብ አውቋል? ከነዚህ አንዱ ካለ ነገሩ «የባልና ሚስት ጠብ» መሆኑ ቀርቷል። በተለይ አንገቷን የታነቀች ሴት ምልክት ባይታይባትም፣ ድምጿ ባይለወጥም፣ ሐኪም ሊያያት ይገባል፤ ጉዳቱ ከውስጥ ሆኖ ከቀናት በኋላ የሚወጣበት ጊዜ አለ። የመሣሪያውን ጥያቄ የምናጠብቀው አለነገር አይደለም። ጦርነቱ ከ2013 መጨረሻ እስከ 2014 ታኅሣሥ በወልድያና በሐብሩ ካለፈ ወዲህ፣ ከዚያ በኋላም ሰላም በወጉ ሳይረጋ፣ ቀድሞ ዱላ ብቻ በነበረበት ቤት ጠመንጃ ተሰቅሏል።

ማደሪያም እናስብላት። የወንድሟ ቤት ነው? ወልድያ ያለችው እህቷ ጋ ነው? በጨለማ ብትወጣ ማንን ታንኳኳለች? መታወቂያዋን፣ የኒካሕ ወረቀቷን፣ የልጆቹን የክትባት ካርድ፣ ጥቂት ገንዘብ ባሏ በማያገኘው ቦታ፣ በታመነ ሰው እጅ ታስቀምጥ። ሐኪም ቤት ከሄደች የሕክምና ወረቀቷ እንዳይጠፋ፤ በኋላ ምስክር የሚሆናት እሱ ነው። ስልኳን ባሏ የሚፈትሽ ከሆነ «ደኅና ደረስሽ?» ብለን መልእክት አንላክላት። ቀላል ነገር ይመስላል፤ በዚህ ብቻ የተመታች አለች። ባላቸው ዐረብ አገር ሆኖ በየሰዓቱ በስልክ የሚቆጣጠራቸው፣ የላከውን ገንዘብ በወንድሙ በኩል የሚያስጠብቅባቸው ሴቶችም በአካባቢያችን አሉ። እጁ ባይደርስም ያ ራሱ እስር ነው።

«ያለ ባሏ ፈቃድ ከቤት መውጣቷስ?» የሚል ይኖራል። በወሎ ደረሳ ሁሉ የሚቀራው የኢማም ነወዊ ሚንሃጅ፣ ሚስት ያለ ፈቃድ መውጣቷን አመፅ ሲያደርግ፣ ቤቱ ሊደረመስ የቀረበባትን ለይቶ ያወጣል። ያብራሩት ዑለማእም ለነፍሷ የፈራችዋን ከእሷ ጋር ቆጥረዋል። ጣሪያው ሊወድቅባት ያለች ሴት ትወጣለች፤ የባሏ ክንድ ሊወድቅባት ያለችዋስ በምን ትለያለች? ጾሙንም በተመለከተ፣ ተጎድታ መድኃኒት መዋጥ ያለባት ትፍታ፣ በኋላ ቀዷ ታውጣ። የተሰበረ እጅ ይዞ ያለ መድኃኒት መጾም ተጨማሪ አጅር የለውም።

ከዚያ በኋላ የሚከብደው ነገር ይመጣል፤ ውሳኔውን ለእሷ መተው። በሪራ ነፃ በወጣች ጊዜ ባሏን ሙጊሥን መለየት መረጠች። እሱ በመዲና መንገዶች እንባው ጢሙን እያረጠበው ይከተላት ነበር። በዚያ ትዳር ዱላ አልተነገረም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ብትመለሽለትስ አሏት። ትእዛዝ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። አማላጅ መሆናቸውን ነገሯት፤ እሷም አልፈልገውም አለች። በዚያው አበቃ። የነቢዩን ምልጃ አልቀበልም ያለችው ሴት ካልተወቀሰች፣ የእኛን ምክር ያልተቀበለችው በምን ትወቀሳለች? በተቃራኒውም ነው። ዛሬ ነግራን ነገ ወደ እሱ ብትመለስ «ካሁን በኋላ አትምጪብን» አንበላት። ልጆች አሉ፣ ማሳው በእሱ ስም ነው፣ ወላጆቿ አይቀበሏትም፤ ምክንያቷ ብዙ ነው። ሦስት ጊዜ ሄዳ አራተኛ ብትመጣም በሩ ክፍት ይሁን።

ሽምግልናን አንጠላም፤ የወሎ ሰው ሽምግልናን ቢጠላ ማንነቱን ጠላ። አባጋሮቻችን ደም ያደረቁ ሰዎች ናቸው። ቁርኣንም ከእሱ ወገን አንድ፣ ከእሷ ወገን አንድ ሽማግሌ ላኩ ይላል። ነገር ግን ያ ሽምግልና ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ነው። አንዱ መቺ፣ አንዱ ተመቺ ሲሆን ምንጣፉ ከመጀመሪያው ያዘነበለ ነው፤ የፈራች ሴት በመቺዋ ፊት እውነቷን አትናገርም፣ ብትናገርም ማታ ትከፍልበታለች። ስለዚህ እሷ ሳትፈቅድ ባል አይጠራ። ከፈቀደችም እሱ ለብቻው ይነጋገር። የእሷ ሽማግሌ በእውነት የእሷ ይሁን፤ የባሏን ወይፈን የሚያርስ አጎት አይሁን።

ፍርድ ቤትና ፖሊስ መሄድ ደግሞ ዲን መተው አይደለም። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶቻችን በትዳር፣ በፍቺ፣ በቀለብ፣ በውርስ ጉዳይ የሚዳኙት ሁለቱም ወገኖች ሲስማሙ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 የሚለው ይህንኑ ነው። አንዷ ወገን አልፈልግም ካለች በመደበኛው ፍርድ ቤት ትዳኛለች፤ ይህ መብቷ ነው። ድብደባው ግን በሁለቱም ዘንድ ወንጀል ነው። በግንቦት 1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን ጥቃት ለይቶ ጠርቶታል። «የቤት ጉዳይ ነው፣ ተስማሙ» ብሎ የሚመልስ ፖሊስ ቢያጋጥም አብሯት የሚሄድ ሰው ካለ ነገሩ ይለወጣል፤ ኢማም አብሮ ሲቆም ደግሞ ይበልጥ ይለወጣል። አዲስ አበባ ላይ የቀድሞዋ ዳኛ ወይዘሮ ማሪያ ሙኒር የመሠረቱት የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ለተደበደቡ ሴቶችና ለልጆቻቸው መጠለያ ከፍቶ ስንቱን አትርፏል። ለሲሪንቃ ሴት አዲስ አበባ ሩቅ ነው። በየወረዳው የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ጋር የስልክ ቁጥር መለዋወጥ ግን ለማናችንም ሩቅ አይደለም።

ለወንዶቹ አንድ ነገር እንበል፤ ብዙ አንልም። «ቁጣዬን መቆጣጠር አልችልም» የሚለውን ሰበብ በዚህ ወር አንሰማም። በሲሪንቃ ሙቀት ማሽላ ማሳ ውስጥ ውሎ፣ ውኃው አጠገቡ ተቀምጦ፣ ማንም ሳያየው ሳይጠጣ እስከ መግሪብ የሚቆይ ሰው ራሱን መቆጣጠር ይችላል። በገበያ የሰደበውን ባለ ጠመንጃ አይመታም፤ ቀበሌ ያመላለሰውን ሹም አይመታም። የሚመታው አንድ ሰው ብቻ ነው። ጫትም ሰበብ አይሆንም፤ ከነሱሱ ጎረቤቱን ሳይነካ ያልፋልና። ተውበት ለሚፈልግ በሩ ክፍት ነው። ግን የሰው ሐቅ ያለበት ተውበት ባለሐቁ ካልተካሰ አይሞላም፤ ኢስቲግፋር ብቻ የተሰበረ እጅ አይጠግንም። ካሣው ማሳከም ነው፣ ቀለብ መስጠት ነው፣ መለየት ከፈለገች ሐቋን ሰጥቶ መልቀቅ ነው። በቀረህ ሱራ ለመጉዳት ብላችሁ አትያዟቸው የተባለው ለዚሁ ነው።

በሚስቱ የሚጎዳ ባልም የለም አንልም፤ ቢመጣ በዚያው ጆሮ እንሰማዋለን።

እጇ የተሰበረው እናት ዛሬ ከወንድሟ ዘንድ ናት፤ ልጆቿም አብረዋት ናቸው። ይቅርታ ጠይቀናት ነበር። «እናንተም አላወቃችሁም» አለችን፤ ከዚያ በላይ አልተናገረችም።

ከዚያ ወዲህ በረመዷን ከሶላት በኋላ የሚቀመጡ ሁለት ዱበርቲዎች አሉን። የቀሩ፣ ምስጢር የሚቀብሩ፣ ልጅ ያሳደጉ እናቶች ናቸው። ቦታውንና ሰዓቱን እዚህ አንጽፈውም፤ ጋዜጣውን ባልም ያነበዋል። ሴቶቹ ያውቁታል። ዘንድሮ በመጀመሪያው ሳምንት ከመጡት አንዷ የጠየቀችው ያንኑ የዱሮ ጥያቄ ነበር። ባሏ የተቆጣባት ሴት ጾሟ ይያዝላታል ወይ? ዱበርቲዋ ጾሟ ልክ መሆኑን ነገረቻት። ከዚያም በሩን ገርበብ አድርጋ ተመለሰችና ለምን እንደጠየቀች ጠየቀቻት።